ስምና ዘመን በዋቢዎች ዝርዝር ውስጥ

የተከበራችሁ መምህራን፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ ክቡራንና ክቡራት፣

በቅድሚያ ይህን ሥልጠና እዚህ ስድስት ኪሎ ላሰናዱልን ሁሉ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ለጆርናል በሚላክ ረቂቅ ጽሑፍ ውስጥ የጥቅሶችና የዋቢዎች አጻጻፍ ነው። ብዙዎቻችን ይህን ሥራ ጥናቱ ካለቀ በኋላ፣ ከመላኪያው ቀን በፊት ባለችው ሌሊት፣ በድካም የምንወጣው ግዴታ አድርገን እንቆጥረዋለን። በአርታኢነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት የተረዳሁት ግን ልምድ ያለው አርታኢ አንድ ረቂቅ ሲደርሰው ቀድሞ የሚገልጠው የመጨረሻዎቹን ገጾች መሆኑን ነው፤ ጸሐፊው ምን እንዳነበበና እንዴት እንዳነበበ የሚታየው እዚያ ነውና።

ስለ ዋቢ አጻጻፍ ስልቶቹ ብዙ አልናገርም። የጤና ሳይንስ ጆርናሎች በአብዛኛው በቫንኩቨር ስልት ምንጮችን በተጠቀሱበት ቅደም ተከተል በቁጥር ያስቀምጣሉ፤ የትምህርትና የሥነ ልቦና ጆርናሎች የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ያወጣውን ኤፒኤን ይከተላሉ፤ የታሪክ ሰዎች የቺካጎን የግርጌ ማስታወሻ ይመርጣሉ። ጆርናሉ ለጸሐፊዎች ያወጣውን መመሪያ ከፍቶ፣ በቅርቡ ካተመው አንድ ጽሑፍ ጋር እያመሳከሩ መሥራት ይበቃል። የእትሙን ቁጥር ግን አትዝለሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የኤፒኤ 7ኛ እትም የአሳታሚውን ከተማ ከዋቢው አስቀርቷል፤ ደራሲዎቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑም ገና ከመጀመሪያው ጥቅስ የአንደኛውን ስም ብቻ ጽፎ «እና ሌሎች» ማለትን ደንግጓል። በ6ኛው እትም ልማድ የተዘጋጀ ረቂቅ ዛሬም ይደርሰናል።

ዋናው ጉዳዬ ሌላ ነው። እነዚህ ስልቶች የተቀረጹት ሰው ከቤተሰብ ስም ጋር በሚወለድበት አገር ነው። እኛ ዘንድ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ ተከትሎ የሚመጣው የአባቱ ስም ነው። የታሪክ ምሁሩን ታደሰ ታምራትን «ታምራት፣ ታ.» ብለን ስንመዘግብ የልጁን ድካም ለአባቱ ሰጥተናል፤ «ታደሰ» ብሎ የሚፈልገው አንባቢም በፊደል ተራው አያገኘውም። በሌላው የታሪክ ምሁር በሥርግው ሐብለ ሥላሴ ላይ የሚደርሰው ከዚህ ይብሳል። ዋቢዎችን የሚያዘጋጅልን የኮምፒውተር ፕሮግራም የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚወስድ «ሥላሴ፣ ሥ. ሐ.» የሚል ዋቢ ይወጣል። ሐብለ ሥላሴ ግን አንድ ስም ነው፤ ሲቆረጥ ትርጉሙም አብሮ ይቆረጣል። ገብረ፣ ወልደ፣ ተክለ፣ ኃይለ ብለው የሚጀምሩ ስሞች ሁሉ ይህ ዕጣ ይደርሳቸዋል። በሁለት መልክ የተመዘገበ ምሁር የምርምር ጽሑፎች በሚፈለጉበት በጎግል ስኮላር ላይ እንደ ሁለት ሰው ይቆጠራል፤ በእርሱ ስም መደመር የነበረባቸው ጥቅሶችም ይበተናሉ።

መድኃኒቱ አለ። እዚሁ ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ በሚያሳትመው ጆርናል ኢትዮጵያውያን ደራሲዎችን በራሳቸው ስም ማስቀመጥ የቆየ ሥርዓት ነው። ዞቴሮ በተባለው የዋቢ ማደራጃ ፕሮግራም የምትሠሩ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። «ደራሲ» በሚለው መስመር ስሙ በሁለት ሳጥን ተከፍሎ ይቀርብላችኋል፤ ከአጠገቡ ያለችውን ትንሽ ምልክት ስትጫኑ ሁለቱ ሳጥኖች አንድ ይሆናሉ። እዚያ ውስጥ ሙሉ ስሙን በተራው ጻፉት፤ ፕሮግራሙ ሳይቆርጥና ሳያገላብጥ እንዳለ ያወጣዋል። ጆርናሉ አልቀበልም ካለ ለአርታኢው በሁለት መስመር ምክንያቱን አስረዱ፤ በትሕትና የቀረበ ማብራሪያ ተቀባይነት ሲያገኝ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ውጭ አገር እየኖረ የአባቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም መጠቀም የመረጠ ደራሲ ካለ ግን ምርጫው ይከበርለት፤ ዳኛው የመጽሐፉ የርእስ ገጽ ነው። የራሳችሁንም ስም በላቲን ፊደል ከመጀመሪያው ጽሑፋችሁ ጀምሮ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ጻፉ። «ጸ» እና «ቀ» ያሉባቸው ስሞች በየጽሑፉ ሲለዋወጡ ይታያሉ፤ ለእያንዳንዱ ተመራማሪ መለያ የሚሆነው ባለ 16 አሃዙ የኦርኪድ ቁጥር የወጣውም ሰውን ከስም አጻጻፍ መለዋወጥ ለመታደግ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ዘመን ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ በአማርኛው «ቁጥር 1152/2011» ይባላል፤ በእንግሊዝኛው ያው አዋጅ «1152/2019» ነው። በእንግሊዝኛ በሚጻፍ ረቂቅ ላይ 2011 ብሎ ያለ ምንም ምልክት መጻፍ አንባቢውን ወደ ሌላ ዘመን ይልካል፤ ሕጉ ከመውጣቱ ስምንት ዓመት አስቀድሞ እንደነበረም ያስመስላል። ለአማርኛ መጽሐፍ እኔ የምመክረው በርእስ ገጹ ላይ የታተመውን ዘመን ጠብቆ የአውሮፓውን በማዕዘን ቅንፍ ማስከተል ነው። ወሩ ካልታወቀ «1964 ዓ.ም. [1971/72]» ይባላል፤ ወሩ ከታወቀ አንዱ ዓመት ይበቃል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚደመረው ሰባት ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት ነው። ስለዚህ ኅዳር 1964 ሲሆን 1971፣ መጋቢት 1964 ሲሆን 1972 ይጻፋል። ሁሉንም ስምንት ደምሮ ማለፍ በጋዜጣና በደብዳቤ ላይ የተመሠረተን ጥናት የድርጊቶችን ቅደም ተከተል እስከ ማፋለስ ያደርሳል።

ከዚህ ጋር የሚነሣ አንድ ነገር አለ። በርካታ የአማርኛ መጻሕፍትን ያሳተሙት ደራሲዎቹ ራሳቸው ናቸው። በጀርባ ወይም በውስጥ ገጽ ላይ «ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት» የሚል ስናይ ግን ማተሚያ ቤቱን የአሳታሚውን ቦታ እንሰጠዋለን። አራት ኪሎ ያለው ይህ አንጋፋ ቤት ወረቀቱን አትሟል፤ ወጪውንና ኃላፊነቱን የተሸከመው ግን ደራሲው ነው። በኤፒኤ ሥርዓት ደራሲውና አሳታሚው አንድ ሲሆኑ የአሳታሚው ስም አይደገምም።

በመጨረሻ የራሴን ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ጽሑፌን ስልክ አንድ ዋቢ ከሌላ ሰው ዝርዝር ላይ እንዳለ ገልብጬ ነበር፤ መጽሐፉን አልከፈትኩትም። ገምጋሚው በጎኑ እንዲህ ብሎ መለሰልኝ፦ «ገጽ 214 የመጽሐፉ የቃላት መጠቁም ነው። ያሉት ነገር የሚገኘው የት ነው?» መጽሐፉን ፈልጌ ሳገኘው ሐሳቡ በገጽ 124 ላይ ነበር፤ ደራሲው ያለውም እኔ ከጻፍኩት በጣም የተለየ ነበር። ዋቢው ሲታረም የጽሑፌ አንድ አንቀጽ ወደቀ። ያን ቀን ያፈርኩት ኀፍረት እስከ ዛሬ ይሰማኛል፤ ከዚያ ወዲህ ያላየሁትን ገጽ ጠቅሼ አላውቅም። ምንጩን ማግኘት ካልቻልን ያነበብነው በማን በኩል እንደሆነ በግልጽ ጽፈን፣ በዝርዝሩ ውስጥ በእጃችን የነበረውን ብቻ እናስገባ።

አሁን ይዛችሁ የመጣችሁትን ረቂቅ የመጨረሻ ገጽ ግለጡ። የኢትዮጵያውያን ደራሲዎችን ስም በእርሳስ አስምሩበት፤ ቀጥሎ ወደ ዘመኑ እለፉና ከየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በጎኑ ጻፉ። ከፍታችሁ ያላያችሁት ምንጭ ካለ ደግሞ ኮከብ አድርጉበት፤ ኮከብ ያረፈባቸውን ከሰዓት በኋላ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ገብተን አብረን እንፈልጋቸዋለን።