ሰርቨሩ ሲያስጠነቅቅ ማን ይስማው?

የተከበራችሁ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ የሒሳብ ሠራተኞች፣ በአይቲ ሙያ የምትሠሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። በዚህ የድሬ ሙቀት ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

የማነሣው ጉዳይ ሲታይ ትንሽ ነው። ፋየርዎል፣ ማለትም ወደ ኮምፒውተሩ የሚመጣውን ግንኙነት እየለየ የሚፈቅድና የሚከለክል የዊንዶውስ ጥበቃ፣ አንድ ፕሮግራም ሲከለክል ስክሪኑ ላይ የሚያወጣት ማሳወቂያ አለች። ሰርቨር ላይ፣ ማለትም ሌሎቹ ኮምፒውተሮች በሚገለገሉበት ማዕከላዊ ማሽን ላይ፣ ስትወጣ ማን ነው ማየት ያለበት? መልሴን ከወዲሁ ልናገር። በዚያ ሰዓት ሰርቨሩ ፊት የተቀመጠው ሰው አይደለም። ስክሪን ላይ መውጣቷ ይቅር። መልእክቱ ግን አይጥፋ፤ ተመዝግቦ ሥራው ለሚመለከተው ሰው ይድረስ።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ላስረዳ። ከከዚራ እስከ ሳቢያን በብዙ ቢሮዎች «ሰርቨር» የሚባለው ኮምፒውተር ተራ ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ዴስክቶፕ ነው። የሒሳብ ሶፍትዌሩ ፒችትሪ ያለው እሱ ላይ ነው። ፕሪንተሩም የተሰካው እሱ ላይ ነው። ስለዚህ ደብዳቤ ማተም የፈለገ ሁሉ ይቀመጥበታል። ለሰርቨር ተብሎ የተሠራው ዊንዶውስ ሰርቨር ሲጫን ማሳወቂያዋ ተዘግታ ነው የምትመጣው። ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ክፍት ናት።

እስቲ አንዲት ጸሐፊ እዚያ ማሽን ላይ ደብዳቤ ስትጽፍ አስቡ። ማታ ሶፍትዌሩ እንደገና ተጭኗል። ዳታቤዙ ከሌሎቹ ኮምፒውተሮች ግንኙነት ለመቀበል ሲሞክር መስኮት ዱብ ይልባታል። «አላው አክሰስ» (ፍቀድ) ወይስ «ካንስል» (ተው)? ደብዳቤው ለአለቃ ይፈለጋል፤ ቸኩላለች። «ካንስል» ትለዋለች። እሷን መውቀስ አይገባም፤ ጥያቄው መጀመሪያውኑ የእሷ አልነበረም።

«ካንስል» ሲሉት ለጊዜው ተወው ማለት ይመስላል። አይደለም። በዚያችው ቅጽበት ፋየርዎሉ ፕሮግራሙን የሚያግድ ሩል፣ ማለትም ደንብ፣ ይፈጥራል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ለቲሲፒ፣ አንዱ ለዩዲፒ፤ እነዚህ ኮምፒውተሮች መረጃ የሚላላኩባቸው ሁለት ዘዴዎች ናቸው። ወዲያው ካሸሯ «ፒችትሪ አልከፍት አለኝ» ትላለች። ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘው ስዊች ይነቀላል፣ ኬብሉ ይቀየራል። ባለሙያ ይጠራል። እሱም የፒችትሪ ዳታቤዝ የሚጠቀምባቸውን ፖርቶች (የግንኙነት በሮች) 3351 እና 1583 ይከፍታል። አሁንም አይሠራም። ምክንያቱም በዊንዶውስ ፋየርዎል የሚፈቅድ ሩልና የሚያግድ ሩል ሲጋጩ የሚያግደው ያሸንፋል። አሥር ፖርት ቢከፍትም ያው ነው። ወደ ውስጥ የሚገባውን ግንኙነት የሚመለከቱት ደንቦች ያሉበት «ኢንባውንድ ሩልስ» ውስጥ ገብቶ ቀይ ምልክት ያለባቸውን እነዚያን ሁለት ሩሎች ካላጠፋ ነገሩ አይፈታም።

ይሄን ያላወቀ ሰው መጨረሻ ላይ የሚለውን ሁላችንም ሰምተናል፤ «አቦ፣ ፋየርዎሉን ዝጋውና እንገላገል!» እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው በፖርት 445 ከማሽን ወደ ማሽን እየዘለለ ነው። ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ያወጣው ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነበር። ተጎጂዎቹ ማስተካከያውን ያልጫኑት ናቸው። የእኛም ብዙ ማሽኖች አፕዴት የሚያገኙት ዘግይተው ነው። በዚህ ላይ ፋየርዎሉን ማጥፋት ያሳስበኛል፤ በጣም ያሳስበኛል።

ታዲያ ምን እናድርግ? «ደብልዩ ኤፍ ዶት ኤም ኤስ ሲ» (wf.msc) ብላችሁ ጽፋችሁ የፋየርዎሉን ዋና መስኮት ክፈቱ። «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ ዶሜይን፣ ፕራይቬትና ፐብሊክ የሚሉ ሦስት ፕሮፋይሎች፣ ማለትም እንደ ኔትወርኩ ዓይነት የሚለዩ የቅንብር ክፍሎች፣ አሉ። በእያንዳንዳቸው «ሴቲንግስ» ውስጥ «ዲስፕሌይ ኤ ኖቲፊኬሽን» የሚለውን «ኖ» አድርጉት። አንዱን ብቻ ነክታችሁ አትውጡ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኔትወርኩ ፐብሊክ ሆኖ የሚነሣበት ጊዜ አለ። አንድ ነገር ግን አስታውሱ። ከዚህ በኋላ አዲስ ፕሮግራም የሚታገደው በዝምታ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙን የጫነ ሰው የሚፈቅደውን ሩል እዚያው ጽፎ ይነሣ።

ቀጥሎ እዚያው «ሎጊንግ» ውስጥ ግቡ። የታገዱ ፓኬቶችን (የመረጃ ጥቅሎችን) የሚመዘግበው ምርጫ ሲመጣ የተዘጋ ነው፤ ክፈቱት። የመዝገቡ መጠን 4,096 ኪሎባይት ነው። ሲሞላ አሮጌው በአዲሱ ይተካል፤ የሰኞው ነገር ሐሙስ ላይ ላይገኝ ይችላል። እስከ 32,767 ድረስ ከፍ ማድረግ ይቻላል። አንድ መስመር ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ «ድሮፕ» (ታግዷል)፣ «ቲሲፒ»፣ የላኪ አድራሻ 192.168.1.23፣ መድረሻ ፖርት 3351። ያ አድራሻ የካሸሯ ኮምፒውተር ከሆነ ነገሩ አለቀ። ስዊች መንቀል የለ፣ ኬብል መቀየር የለ።

አዲስ ሩል ሲፈጠር ማወቅም ይቻላል። በ2016ቱና በ2019ኙ ዊንዶውስ ሰርቨር የዊንዶውስ ክስተት መዝገብ በሆነው «ኢቨንት ቪወር» ውስጥ ቁጥር 2004 ሆኖ ይመዘገባል። በዚያ ቁጥር ላይ አንድ «ታስክ» (በራሱ የሚነሣ ሥራ) ብታያይዙበት፣ ትንሽ ስክሪፕት መልእክቱን ወደ ባለሙያው ቴሌግራም ይልከዋል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ አይደርስም፤ መዝገቡ ግን እዚያው ይጠብቀዋል።

ኃላፊዎች፣ የመጨረሻው ጥያቄዬ ለእናንተ ነው። መዝገቡን የሚያነብ ሰው በስም መድቡ። ሰኞ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ስጡት፤ በሥራ ዝርዝሩም ላይ ይጻፍለት። ፕሪንተሩንም ከሰርቨሩ አንሡና ለጸሐፊዋ የራሷን ኮምፒውተር ስጧት። ላፕቶፕ የያዛችሁ ደግሞ ወደ ፊት ቅረቡ፤ «ኢንባውንድ ሩልስ»ን አብረን እንክፈትና ቀይ ምልክት ያለባቸውን እንይ። አመሰግናለሁ።