ባዶው መደርደሪያና የሞላው ጋሪ

ክቡራትና ክቡራን፣

አዘጋጆቹ «ትውልድን የሚያስተሳስሩ ቅጽበቶች» በሚል ርእስ እንድናገር ሲጋብዙኝ፣ ሰው ጨረቃን ስለረገጠበት እ.ኤ.አ. ጁላይ 1969 ወይም መንትዮቹ ሕንፃዎች ስለፈረሱበት ሴፕቴምበር 2001 አወራለሁ ብለው ሳይጠብቁ አልቀሩም። እኔ ግን ይዤላችሁ የመጣሁት የሶፍት ወሬ ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ በ2020 ግን አንዳችንም አልሳቅንም።

የዓለም ጤና ድርጅት ማርች 11 ቀን 2020 ኮሮናን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ካለበት ሰሞን ወዲህ፣ በተገናኘን ቁጥር የምንተርከው ታሪክ አንድ ነው፤ ገበያ ገባሁ፣ መደርደሪያው ባዶ ነበር፣ ስግብግቦች ጠራርገው ወስደውታል። ይህን ከስንት ሰው እንደሰማሁ ቆጥሬ አልዘልቀውም። «የወሰድሁት እኔ ነኝ» ያለኝ ግን እስከ ዛሬ አንድም ሰው የለም። እንግዲያው ያ ሁሉ ሶፍት በራሱ እግር ሄዷል ማለት ነው።

እኔም እንደዚያው ስተርክ ኖሬያለሁ። በእኔ ትረካ ሁለት እሽግ ብቻ ይዤ ተሰልፌ ሳለሁ፣ ከኋላዬ አንዲት እሽግ ደረታቸው ላይ ያቀፉ አሮጊት ነበሩና ተራዬን ለቀቅሁላቸው። ባለፈው ዓመት የዚያን ጊዜ ካፖርቴን ለሰው ልሰጥ ኪሱን ስፈትሽ ደረሰኙ ወጣ። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ቁጥሩ ግን ይነበባል። ስድስት እሽግ ሶፍት፣ ዘጠኝ ሳሙና። በቤታችን የምንኖረው ሁለት ሰዎች ነን! ለእኚያ እናት ተራዬን መልቀቄም የጋሪዬ ዕቃ ተቆጥሮ እስኪያልቅ ስለሚቆሙ አዝኜላቸው ይሆናል፤ ወይም ጭራሽ አልለቀቅሁላቸው ይሆናል።

ኡልሪክ ናይሰርና ኒኮል ሃርሽ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ ቻሌንጀር የተባለችው መንኮራኩር ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 በፈነዳች ማግስት፣ ተማሪዎችን ወሬውን የት ሆነው እንደሰሙ በጽሑፍ እንዲመልሱ አድርገው ነበር። ከሁለት ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ ደግመው ሲጠይቋቸው፣ ብዙዎቹ ሌላ ቦታና ሌላ ሰው ጠቅሰው በሙሉ ልብ መለሱ፤ የራሳቸው የእጅ ጽሑፍ ሲታያቸው እንኳ የፊተኛው ትዝታ አልተመለሰላቸውም። የእኔ የእጅ ጽሑፍ ያ ደረሰኝ ነው።

አሁን ወደ ቁጭቴ ልግባ። ሶፍት ቦታ የሚፈጅ፣ ትርፉም ትንሽ የሆነ ዕቃ ስለሆነ ነጋዴ ብዙ አያከማችም፤ ፋብሪካውም ፍላጎቱ ዓመቱን ሙሉ ያው ነው ብሎ ሌት ተቀን በአንድ ልክ ያመርታል። በዚያ ላይ በመሥሪያ ቤትና በትምህርት ቤት የነበረው ሰው ሁሉ እቤቱ ዋለ። ስለዚህ መደርደሪያውን ለማራገፍ ሆዳም አያስፈልግም፤ ደህና ሰዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ «ለማንኛውም» እያሉ አንድ አንድ እሽግ ቢጨምሩ ይበቃል። እና እባካችሁ ስለ «እነሱ» የሚወራውን ተዉኝ! «እነሱ» የተባሉት ሰዎች ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ደግሞ ድምፅ ማጉያ ይዞ እየተናገረ ነው።

ነገሩ አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 መገባደጃ፣ በነዳጅ ቀውሱ ጊዜ፣ ወረቀት ሊጠፋ ነው የሚል ወሬ ጃፓንን አዳርሶ ሰዉ ሶፍት ለመግዛት ተሰለፈ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ አሜሪካ ውስጥ ጆኒ ካርሰን በቴሌቪዥን ዝግጅቱ ስለ ሶፍት እጥረት ቢቀልድ፣ ተመልካቹ እውነት መስሎት ገበያውን አጥለቀለቀው፤ ቀልደኛው ተመልሶ ማስተባበል ግድ ሆነበት። ወሬው ሐሰት ነበር፤ የፈጠረው እጥረት ግን እውነተኛ።

በ2020 ከትምህርት ቤት ቀርተው እቤት ስለዋሉት ልጆችም ልናገር አስቤ ነበር፤ ሰዓቴ እያለቀ ስለሆነ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ነገ ከእኛ ሰምተው የሚናገሩት እነሱ ናቸውና፣ ስንነግራቸው ስለ መደርደሪያው ብቻ ሳይሆን ስለ ጋሪያችንም እንንገራቸው።

የዚያን ሰሞን ደረሰኝ ያላችሁ ካላችሁ፣ ከስብሰባው በኋላ በሩ ላይ እጠብቃችኋለሁ። እኔ የእኔን ይዤ መጥቻለሁ።

አመሰግናለሁ።