ሲዲኤን አስገባሁ፣ ሰርቨሬን ላጥፋው?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ ሲዲኤን ነው ምናወራው፣ እቤቱ ጥግ ላይ አሮጌ ላፕቶፕ ወይ ራስቤሪ ፓይ ሰክቶ የራሱን ሳይት ለሚያስኬድ ሰው ማለት ነው። ዶሜይን፣ ዲኤንኤስ፣ ኤንጂንኤክስ ምናምን እንደምታውቁ ቆጥሬ ነው ምሄደው። ማታውቁ ካላችሁ የድሮ ቪዲዮዎቼን አይታችሁ ተመለሱ፣ ለኔም ቪው ይጨምርልኛል።

እሺ፣ አንዲት ጎበዝ ተማሪ አስቡ። ፈተና ደርሷል፣ ኖት በደንብ የያዘችው እሷ ብቻ ናት፣ ሰው ሁሉ ደብተሯን ይፈልጋል። ሁሉም እሷ ጋ ቢሰለፍ ልጅቷ መቼ ልታጠና ነው? ስለዚ ከየዶርሙ አንድ ሰው ይመጣና ኮፒ አድርጎ ይሄዳል፣ የዛ ዶርም ልጆች ከሱ ይወስዳሉ። በቃ፣ ሲዲኤን ይሄ ነው። ደብተሩ ሰርቨራችሁ ነው፣ ኮፒ የያዙት ልጆች ደግሞ በየአገሩ የተቀመጡት የሲዲኤኑ ማሽኖች።

ቆይ ግን አላለቀም፣ ይሄን ምሳሌ በጣም ነው ምወደው። ልጅቷ ማታ ላይ ገጽ 4 ላይ የተሳሳተ ፎርሙላ አግኝታ አረመችው እንበል። እሷ ጋ ተስተካክሏል፣ ዶርም ያሉት ግን ስህተቱን እየሸመደዱ ነው! ሲኤስኤስ ቀይራችሁ «ኧረ ይሄ ነገር አልተቀየረም» እያላችሁ ሰርቨሩን አስሬ ሪስታርት ምታደርጉት እሱ ነው እኮ፣ ሰርቨሩ ምን አጠፋ፣ ያረጀው ኮፒው ነው፣ ፐርጅ አድርጉት፣ ማለትም ሲዲኤኑ የያዘውን ኮፒ እንዲጥል እዘዙት። ደግሞ ደብተሩ መጨረሻ ላይ ስለ አንድ ልጅ የጻፈችው ግጥም አለ። እሱም ኮፒ ይደረግ? ኧረ በፍጹም! ካሽ ማለት ኮፒ መያዝ ነው፣ ሰርቨሩ ከገጹ ጋር ሚልከው ካሽ ኮንትሮል ሚባል ሄደር፣ ማለትም መመሪያ ላይ «ፕራይቬት» ወይ «ኖ ስቶር» ምንለው ለሱ ነው። ሎግኢን ያደረገ ሰው ሚያየውን ገጽ ካሽ አስደርጋችሁ ያንዱን ኢንቦክስ ለሌላው ካሳያችሁ፣ ግጥሙን ክፍል ውስጥ ጮክ ብላችሁ አነበባችሁት ማለት ነው።

አሁን ቶሎ ቶሎ ልበለው። ኔምሰርቨሩን ወደ ሲዲኤኑ ታዞራላችሁ፣ ፕሮክሲውን ታበራላችሁ፣ ማለትም ትራፊኩ በሲዲኤኑ በኩል እንዲያልፍ፣ ክላውድፍሌር ሚባለው ሲዲኤን ላይ ብርቱካናማዋ ደመና ናት፣ ግራጫ ከሆነች ትራፊኩ በቀጥታ እናንተ ጋ ነው ሚመጣው። ኤስኤስኤሉን፣ ማለትም ምስጠራውን፣ ፉል ስትሪክት አድርጉት፣ ፍሌክሲብልን እንዳትነኩት፣ ከሲዲኤኑ እስከ ሰርቨራችሁ ሳይመሰጠር ነው ሚሄደው፣ ኤንጂንኤክሳችሁ ወደ ኤችቲቲፒኤስ ሚመልስ ከሆነ ደግሞ ሳይቱ ዝም ብሎ ሲሽከረከር ይውላል። ሎጋችሁ ላይ ሚታየው አይፒ የሲዲኤኑ ስለሚሆን ትክክለኛውን ከሄደሩ አንብቡ፣ ፌይል ቱ ባን፣ ማለትም አጥቂ አይፒ ሚያግደው ፕሮግራም ያላችሁማ ሲዲኤኑን ራሱን አግዳችሁት ቁጭ ነው።

አሁን ወደ ኮሜንቶቹ። «ሲዲኤን ካለኝ ማታ ማታ ሰርቨሬን ላጥፋው?» አይ፣ አታጥፉት! ክላውድፍሌር እናንተ ካልነገራችሁት በቀር ሚይዘው ፎቶ፣ ሲኤስኤስ፣ ጃቫስክሪፕት ምናምን ነው፣ የፋይሉን ኤክስቴንሽን አይቶ። ኤችቲኤምኤሉን አይዝም። አታምኑኝም? ብራውዘራችሁ ላይ ኤፍ 12 ተጫኑና ኔትወርክ ሚለው ውስጥ ሲኤፍ ካሽ ስታተስ ሚለውን ሄደር ፈልጉ። ፎቶው ላይ «ሂት» ይላል፣ ገጹ ላይ ግን «ዳይናሚክ»፣ ማለትም ገጹ በተከፈተ ቁጥር ሚመጣው ከናንተው ላፕቶፕ ነው። ኤንጂንኤክሱን ብቻ አቁሙት፣ 521 ሚል ስህተት ይመጣል። ፋየርዎሉ ጥያቄውን ዝም ብሎ ከዋጠው ደግሞ 522።

«እሺ ኤችቲኤምኤሉንም ካሽ ባስደርገውስ?» ያላችሁም አላችሁ። ይቻላል፣ ሩል ትጽፋላችሁ። ግን አንድ ከተማ ላይ ያለው ኮፒ ሌላ ከተማ ላይ ላይኖር ይችላል፣ ብዙ ሰው ማይጠይቀው ፋይል ደግሞ ጊዜው ሳይደርስም ለሌላ ቦታ ተብሎ ይጣላል፣ የግል ሳይት ደግሞ ማን ይጠይቀዋል፣ እውነቱን እንነጋገር። ኮሜንት መጻፍ፣ ሎግኢን ማድረግማ ሰርቨሩ ከሌለ የለም። ሳይታችሁ ሙሉ በሙሉ ስታቲክ ከሆነ፣ ማለትም ለሁሉም ሰው ያው ዝግጁ ፋይል ብቻ ሚሰጥ ከሆነ፣ በኔ እምነት ላፕቶፑን ተዉት፣ ስታቲክ ሆስቲንግ ላይ ጫኑትና ተኙ።

«አይፒዬ ተደብቋል፣ ማንም አይነካኝም» ላላችሁም፣ የድሮው የዲኤንኤስ ሬከርድ ተመዝግቦ የቀረበት ቦታ አለ፣ ፕሮክሲ ያላደረጋችሁት ሰብዶሜይን ካለም ያጋልጣችኋል። ፋየርዎሉ ላይ 443 ፖርትን ለሲዲኤኑ አይፒዎች ብቻ ክፈቱ፣ ወይ ተነል ተጠቀሙ፣ እሱ ከውስጥ ወደ ውጪ ስለሚደውል ምንም ፖርት አትከፍቱም፣ የራሳችሁ ፐብሊክ አይፒ ከሌላችሁም ይሰራል። ግን ሲዲኤኑ ትራፊኩን መሃል ላይ ፈትቶ ነው ሚያሳልፈው፣ ውስጡ ያለውን ማየት ይችላል። የቤተሰብ ፎቶና ፓስወርድ ማናጀር በዛ ባታሳልፉ እመርጣለሁ፣ ለነሱ ዋየርጋርድ ሚባለው ቪፒኤን ይሻላል። የክላውድፍሌር ነጻው ፕላን ላይ ባንዴ ከ100 ሜጋባይት በላይ አፕሎድ ስለማይፈቅድ ትልልቅ ቪዲዮ ባክአፕ ስታደርጉም መሃል ላይ ይቋረጥባችኋል። የዋየርጋርዱን በሚቀጥለው ቪዲዮ ከመጀመሪያው ጀምሬ እሰራዋለሁ፣ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ቻው።