ጭንቅላት አንድ፣ ሄልሜት ስንት?

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁም ስለ ሄልሜት ነው፣ ስለ ራስ ቁር። ለአንድ ሙሉ ዝግጅት የሚበቃ ወሬ አለው፤ ታገሱኝ።

እኔ ዕቃ ማብዛት አልወድም። ብስክሌት እነዳለሁ፣ አልፎ አልፎ ሮለር ስኬት አለ፣ አለት መውጣትም ለምጃለሁ፣ በብርድ ወራት ደግሞ በረዶ ከተገኘ ሸርተቴ። ለእያንዳንዱ ጫማው ሌላ፣ ጓንቱ ሌላ፣ ልብሱ ሌላ ነው። ሄልሜቱ እንኳ አንድ ቢሆን ምናለበት? አንድ ወዳጄ ይህንኑ ሳማርር ሰምቶ «ጭንቅላትህ አንድ፣ ቁርህ አራት፤ የምን ሂሳብ ነው?» አለኝ። ሳቅን፤ ግን ጥያቄው አብሮኝ ሰነበተ።

እስቲ ከብስክሌቱ እንጀምር። በአውሮፓ የብስክሌት ሄልሜት የሚፈተንበት መስፈርት ኢኤን 1078 ይባላል፤ ኢኤን (EN) የአውሮፓ መስፈርቶች መለያ ነው። ሄልሜታችሁን ገልብጣችሁ ብታዩ ውስጡ የተለጠፈች ትንሽ ወረቀት ላይ ታገኙታላችሁ። ፈተናው እንዲህ ነው፦ የጭንቅላት ቅርጽ ያለው ብረት ሄልሜቱን ያጠልቅና ከአንድ ሜትር ተኩል ግድም ከፍታ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ይለቀቃል። ሲያርፍ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የአሜሪካው መስፈርት ከፍታውን ወደ 2 ሜትር ያደርሰዋል።

«ይቺ ብቻ?» ትሉ ይሆናል። ቁልቁለት ላይ ማንም ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል። ግን አስቡት፤ ከብስክሌት የወደቀ ሰው ጭንቅላቱ ወደ መሬት የሚወርደው ከተቀመጠበት ከፍታ ነው። ወደፊት ይዞት ሲሄድ የነበረው ፍጥነት፣ ከፊቱ ግድግዳ ወይም መኪና ካልገጠመው፣ በአብዛኛው በመንሸራተት ያልቃል። ስለዚህ ፈተናው የተሰፋው በአንድ ዓይነት አወዳደቅ ልክ ነው። ውስጡ ያለው ፎምም እንደዚያው፤ ሥራው መጨፍለቅ ነው። እሱ ሲጨፈለቅ ጭንቅላት ድንገት ከመቆም ይድናል፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር እየተጓዘ ይቆማል። አንዴ የተጨፈለቀ ፎም ግን ወደ ቦታው አይመለስም።

አሁን ወደ አለቱ እንምጣ። እዚያ ከመውደቅ እኩል የሚያስፈራው ከላይ የሚወርድ ድንጋይ ነው። አንዳንዴ ከላያችሁ ያለው ጓደኛችሁ ራሱ ነው የሚያንከባልላችሁ። የተራራ ወጪዎች መስፈርት ኢኤን 12492 ስለዚህ ነገሩን ይገለብጠዋል። ሄልሜቱ ባለበት ይቀመጥና 5 ኪሎ የሚመዝን ብረት ከ2 ሜትር ከፍታ አናቱ ላይ ይለቀቅበታል፤ ወደ ታች የሚያልፈው ኃይል ከ10 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም ከአንድ ቶን ያህል ክብደት፣ መብለጥ የለበትም። ቀጥሎ ሾጣጣ ብረት ይወርድበታል፤ በስቶ ጭንቅላት እንዳይነካ። የብስክሌት ሄልሜት ይህ የመብሳት ፈተና የለበትም፤ አናቱም ለአየር ተብሎ በሰፋፊ ቀዳዳዎች የተከፈተ ነው። ሹል ድንጋይ በዚያ ቀዳዳ ቢገባ ምን እንደሚሆን መንገር አያስፈልገኝም።

በተቃራኒውስ? የአለት ሄልሜት አድርጎ ብስክሌት መንዳት? ከጎን፣ ከፊትና ከኋላ የሚፈተነው በግማሽ ሜትር ከፍታ ብቻ ነው። በተለይ የድሮው ዓይነት፣ ከውስጥ በማሰሪያ የተንጠለጠለው ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ጎኑ ላይ ፎም የሚባል ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ከብስክሌት የሚወድቅ ሰው ደግሞ በአናቱ ብዙም አያርፍም፤ በጆሮ ግንዱ ወይም በግንባሩ ነው።

እኔን ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ፎሙም ቅርፊቱም አይደለም፤ የአገጭ ማሰሪያው ነው። ማን ስለ ማሰሪያ ያስባል? ይኸውላችሁ፣ የተራራ ወጪ ማሰሪያ ቢያንስ 500 ኒውተን መቻል አለበት። ሃምሳ ኪሎ ያህል ሲንጠለጠልበት አይለቅም ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰውየው ሲወድቅ ከአለቱ ጋር ሁለት ሦስት ጊዜ ሊላተም ይችላል፣ በመጀመሪያው ቁሩ ከበረረ ለቀጣዩ ባዶ ራሱን ነው። አሁን የግንባታ ሠራተኛን ቁር ተመልከቱ፤ ኢኤን 397 ነው። እሱ ማሰሪያ ካለው በ150 እና በ250 ኒውተን መካከል የግድ መልቀቅ አለበት። መሬት ላይ የሚሠራ ሰው ቁሩ አንድ ነገር ላይ ቢያዝበት በአንገቱ መንጠልጠል የለበትማ! አንዱ «እንዳትለቅ» ይላል፣ ሌላው «እንድትለቅ»። ከሩቅ ስታዩአቸው ሁለቱም ያው ፕላስቲክ ናቸው። ሁለቱንም ያስማሙ፣ ማሰሪያው በሁለት አቀማመጥ የሚቆለፍ ቁሮች ተሠርተዋል፤ ከፍታ ላይ ለሚሠሩ ሰዎች። ብልህነቱን ወድጄዋለሁ።

ይኸው የማሰሪያ ነገር ልጆች ጋ ሲደርስ ይከፋል። ልጅ ብስክሌቱን ጥሎ፣ ሄልሜቱን እንዳደረገ፣ መጫወቻ ሜዳው ብረት ላይ ይወጣል፤ ወይም ዛፍ ላይ። ሰውነቱ በሚያልፍበት ክፍተት ሄልሜቱ አያልፍም። ልጁ በአገጩ ይንጠለጠላል። በዚህ የሞቱ ልጆች አሉ፤ ለዚህም ነው በአውሮፓ ኢኤን 1080 የሚባል፣ በጭነት የሚለቅ ማሰሪያ ያለው የትንንሽ ልጆች ሄልሜት መስፈርት የወጣው። ወላጅ የሆናችሁ ይህችን ያዙልኝ፤ ከብስክሌት ሲወርዱ ቁሩም ይውረድ።

ስለ እነዚህ ቁጥሮች ሳነብ የገባኝ፣ ሄልሜት ሁልጊዜ የሚመጣው ሰው ከሞተ በኋላ መሆኑ ነው። በ1935 የዐረቢያው ሎውረንስ የሚባለው እንግሊዛዊ ወታደርና ጸሐፊ በሞተር ብስክሌት ወድቆ ሲሞት ካዩት ሐኪሞች አንዱ ሂው ኬርንስ የሚባል የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበር። ነገሩን ይዞ ቆይቶ በ1941 በሞተር ብስክሌት ስለሚላላኩ ወታደሮችና ስለ ራስ ቁር ጥናት አሳተመ። በ1956 ፒት ስኔል በመኪና ውድድር ሞተ፤ በማግስቱ ዓመት በስሙ የሄልሜት መፈተኛ ድርጅት ቆመ። በ2003 ደግሞ ካዛኪስታናዊው ብስክሌተኛ አንድሬ ኪቪሌቭ በፓሪስ–ኒስ ውድድር ወድቆ አረፈ፤ የዓለም ብስክሌት ማኅበርም በዚያው ዓመት ሄልሜትን ግዴታ አደረገ። ሞቱ እንዴት እንደመጣ ነው መልሱን የቀረጸው። ወታደሩ በሞተር የወደቀበትን አወዳደቅ ከአለት ሥር የቆመ ሰው አይወድቀውም።

እንግዲህ አንድ ሄልሜት ለብዙ ነገር አይሆንም ማለቴ ነው? ኧረ ይሆናል። ኢኤን 1078 ራሱ ለብስክሌት፣ ለስኬትቦርድና ለሮለር ስኬት አንድ ላይ የተጻፈ ነው፤ ስለዚህ ለእነዚያ ያለ ጭንቀት አንዱን አደርጋለሁ። ብቻ ክብ የስኬትቦርድ ቅርጽ ስላለው ብቻ አትመኑት፤ ወረቀቷን አንብቡ። ለበረዶ ሸርተቴ ኢኤን 1077 አለ። እሱ የመብሳት ፈተናም ይጨምራል፣ በብርድም ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ላይ ይመታል። 1077ንም 1078ንም የያዙ ሄልሜቶች ይሸጣሉ፤ አለትን ጨምረው ሦስቱንም የያዙም አሉ። ወንዝ ላይ ለካያክ፣ ለጠባቧ የመቅዘፊያ ጀልባ፣ የሚደረገው ግን ብቻውን የሚታይ ነው፤ መስፈርቱ ኢኤን 1385 የሚጠይቀው የምት ጉልበት ከብስክሌቱ በጣም ያነሰ ነው። ውሃ ውስጥ ስለምናየው ጠንካራ ይመስለናል እንጂ፣ አስፋልት ላይ አላምነውም። ፈረስ ግልቢያም የራሱ አለው፤ ፈረሱ ራሱ ሊወድቅባችሁ ይችላላ።

ሦስት ማረጋገጫ ያለውን ልገዛ ነበር። ሁለት ነገር አቆመኝ። አንደኛው ሙቀት ነው። ለበረዶ የተዘጋ ቁር በፀሐይ ዳገት ላይ ያፍናል፤ ያፈነ ቁር ደግሞ ይወልቅና መሪው ላይ ይሰቀላል። ሁለተኛው፣ ስለሱ ሲወራ ያልሰማሁት፣ ምቶቹ መደባለቃቸው ነው። አለት ላይ አንዲት ድንጋይ ታርፍበታለች፣ ቦርሳ ውስጥ ይጨመቃል፣ በረዶ ላይ አንዴ ይነካል። እያንዳንዷ ትንሽ ናት፤ ሰው ይረሳታል። ፎሙ ግን ይቆጥራታል። ብስክሌት ላይ ስወጣ ያደረግኩት ቁር ስንቱን እንደቀመሰ የማውቀው አንድ ሥራ ብቻ ከሰጠሁት ነው።

ስለዚህ ለጊዜው ሁለት አሉኝ፤ አንዱ ለጎማ ነገር ሁሉ፣ ሌላው ለአለት። ሸርተቴ ሲመጣ እዚያው እከራያለሁ፤ ከመከራየቴ በፊት ገልብጬ ወረቀቷንና ስንጥቁን አያለሁ፣ አከራዩ ፊቱን ቢያጨማድድም። ወዳጄ አሁንም ሂሳቤን አልተቀበለም። ከእኔ የተሻለ ሂሳብ ካላችሁ ጻፉልኝ። ለዛሬ ይብቃን፤ ቸር እንሰንብት።