የሚጠብቅ ተጫዋች ቀኑን ይወቅ

የጌም ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ የማነሳው ገንዘቡ እያላቸው ጌሙን መግዛት ስለማይችሉ ተጫዋቾች ነው። ጥፋታቸው ቤታቸው ያለው ኮንሶል፣ ማለትም የጌም መጫወቻ መሣሪያ፣ ጌሙ ከሚሸጥበት የተለየ መሆኑ ብቻ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ኮንሶል አምራቹ ከጌሙ አሳታሚ ጋር ይዋዋላል። ጌሙ ለወራት ወይም ለዓመት በእሱ ኮንሶል ላይ ብቻ ይሸጣል። ሌላው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

«ራይዝ ኦፍ ዘ ቱም ሬይደር» የተባለውን ጌም እንይ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2014 ጀርመን፣ ኮሎኝ ላይ ጌምስኮም በተባለው የጌም ትርኢት መድረክ ለማይክሮሶፍቱ ኮንሶል ለኤክስቦክስ ብቻ እንደሚወጣ ተነገረ። የጌሙን ጀግና ላራ ክሮፍትን ከሶኒው ኮንሶል ከመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ጀምረው የተከተሉ ሰዎች ክው አሉ። ቁጣው ሲበረታ በወቅቱ የኤክስቦክስ ኃላፊ የነበሩት ፊል ስፔንሰር ውሉ የጊዜ ገደብ እንዳለው ተናገሩ። እስከ መቼ? እሱን አልነገሩንም። የፕሌይስቴሽን ተጫዋቾች ጌሙ እንደሚደርሳቸው በይፋ የሰሙት በቀጣዩ ዓመት ጁላይ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ወር ሰው ተስፋ ይቁረጥ ወይስ ሌላ ኮንሶል ይግዛ? እኔን የሚያንገበግበኝ መጠበቁ ሳይሆን ይህ መደባበቅ ነው።

ጌሙ ኖቬምበር 10 ቀን 2015 ወጣ። ያውም «ፎልአውት 4» ከተባለው ሌላ ትልቅ ጌም ጋር በአንድ ቀን! ፕሌይስቴሽን 4 ላይ የደረሰው ኦክቶበር 11 ቀን 2016 ነው። እውነቱን ለመናገር የዘገየው ቅጂ ተጨማሪ ክፍሎቹን ሁሉ አካቶ መጣ። ግን ታሪኩ ዩቲዩብ ላይ ካለቀ ዓመት ሊሞላው ነበር። ከጓደኛ ጋር እኩል ጀምሮ «የት ደረስክ?» የመባባል ደስታን ማን ይመልሳል?

«ፋይናል ፋንታሲ 16»ም እንዲሁ ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ላይ በ2023 ወጥቶ ኤክስቦክስ ላይ የደረሰው በ2025 ነው። አሳታሚው ስኩዌር ኢኒክስ ራሱ በ2024 ከእንግዲህ ጌሞቹን በብዙ ኮንሶሎች ላይ ለማውጣት እንደሚሠራ አስታውቋል። ደግ አድርጓል።

እዚህ አዲስ አበባ ዘመድ ከውጭ በላከለት አንድ ኮንሶል የሚጫወት ልጅ «ሌላውንም ግዛ» ሊባል አይችልም። ፕሌይስቴሽን ቤት ከፍሎ የሚጫወተውማ ምርጫው ቤቱ ያለው ኮንሶል ነው።

ውል ይቅር አልልም። የውሉ ገንዘብ ለአንዳንድ ስቱዲዮ እስትንፋስ ነው። የምጠይቀው ግልጽነት ነው። «መጀመሪያ እዚህ» የሚል ማስታወቂያ ከወጣ፣ ገደቡ የሚያበቃበት ቀንም አብሮ ይጻፍ። እናንተም ቀኑ ካልተነገራችሁ ሁለተኛ ኮንሶል ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ አሳታሚውን ጠይቁት፤ በአደባባይ ጠይቁት።

አመሰግናለሁ።