ኔትወርክ ሲደክም ባትሪ የሚበላው ማነው?

ሰላም ናችሁ! ዳታ ከፍታችሁ አባይ በረሃን ስትወርዱ ስልኩን ሳትነኩት ኪሳችሁ ውስጥ ሲሞቅ፣ ቻርጁም ቁልቁል ሲወርድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ሰው ባትሪው ሞተ ብሎ ሊቀይር ይሄዳል፣ እኔ ግን መጀመሪያ ውስጡ ያለችውን ፓወር አምፕሊፋየር እወቋት ነው የምለው።

(ምስል፦ የተከፈተ ስልክ፣ ጣት አንዲት ጥቁር ቺፕ ላይ)

ይቺ ናት። ድምፃችሁንም ዳታችሁንም ታወሩ ጋር እንዲደርስ የምታጎላው እሷ ናት። ማዶ ላለ ሰው ጉሮሯችን እስኪደርቅ እንጣራለን፣ አጠገባችን ቡና ለሚጠጣው ግን ቀስ ብንልም ይሰማናል አይደል፣ ስልክም እንደዛው ነው፣ ታወሩ "ቀንስ" "ጨምር" እያለ ያዘዋል። በ2ጂ 900 ባንድ (900 ሜጋኸርዝ አካባቢ ባለው ሞገድ) ላይ አብዛኛው ስልክ እስከ 2 ዋት ይወጣል፣ ታወር ስር ከሆነ ደሞ እስከ 3 ሚሊዋት ገደማ መውረድ ይችላል። በ3ጂ ትዕዛዙ በሴኮንድ 1500 ጊዜ ነው የሚመጣው! ምክንያቱም እዛ ሁሉም በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ስለሚያወራ ታወሩ አጠገብ ያለ አንድ ስልክ ከጮኸ የሩቁን ሰው ድምፅ ይውጠዋል።

ስልክ ሊጠራ ሲል ሬድዮው ወይ ስፒከሩ "ድድድ ድድድ" የሚለው ነገር ታስታውሳላችሁ? እሱ የ2ጂ አምፕሊፋየር በሴኮንድ 217 ጊዜ እየበራች እየጠፋች ነው። መጀመሪያ ላይ ደሞ ታወሩ ገና ቀንስ ስላላላት በተፈቀደላት ከፍተኛ ጉልበት ነው የምትጣራው።

እሺ ጉልበት ሲቀንስ ባትሪም በዛው ልክ ይቆጠባል? አይቆጠብም፣ እና ለኔ በጣም ደስ የሚለው ቦታ እዚ ጋር ነው። አምፕሊፋየሯ ሙሉውን የባትሪ ቮልት እያገኘች ትንሽ ብቻ ብታወጣ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል፣ ለአንዲት ጀበና ሙሉ ማንደጃ ከሰል እንደማንደድ በሉት። ስለዚ ኢንጂነሮቹ በባትሪውና በሷ መሀል ቮልት ዝቅ የሚያደርግ ሰርኪት አስገቡ፣ የሚወጣው ኃይል ሲያንስ የሚገባላትም ቮልት አብሮ ይወርዳል። በ4ጂ ስልኮች ላይ ሲግናሉ ራሱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ቮልቱ የሲግናሉን ቅርፅ እግር በእግር የሚከተልበት ዘዴም አለ።

ታወሩ ሲርቅ ግን ይሄ ሁሉ ቁጠባ ብዙም አይረዳም፣ አምፕሊፋየሯ የጉልበቷ ጣራ ላይ ነው የምትሰራው። ኔትወርኩ አንዴ መጣ አንዴ ሄደ በሚልበት መንገድ ላይ ዳታውን ዝጉት፣ የሚደውል ሰው ካልጠበቃችሁ ፍላይት ሞድ አድርጉት።

(ምስል፦ የቮልት ሜትር መርፌ ብድግ ቁጭ ሲል)

ያረጀ ባትሪ ከሆነ ደሞ ይብሳል። 2ጂ ላይ አምፕሊፋየሯ ብልጭ ባለች ቁጥር ወደ 2 አምፔር የሚጠጋ ከረንት ልትጠይቅ ትችላለች፣ የደከመ ባትሪ ያንን ሲሰጥ ቮልቱ ዝቅ ይልና ስልኩ በ20 ፐርሰንት ድርግም ይላል፣ ቻርጀር ስትሰኩለት ግን ያው 20ውን ይዞ ይነሳል።