ደግሞ አባረሩሽ እንዴ?

እሺ... እንዴት ናችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ ድምፄ ትንሽ ካስተጋባ ደግሞ ይቅርታ፣ ክፍሉ ባዶ ስለሆነ ነው፣ አልጋውን ትላንት ሸጬዋለሁ፣ ፍራሹ መሬት ላይ ነው። አዎ፣ እንደገና ቤት ልቀይር ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ አራተኛዬ።

እናቴ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለችው፣ እና ልነሳ ነው ባልኳት ቁጥር "ደግሞ አባረሩሽ እንዴ?" ነው የምትለኝ። ኧረ እማዬ አላባረሩኝም፣ ፕሮግራሙ ነው እንደዚህ፣ በየስድስት ወሩ ክፍል እየቀያየሩ ያሠሩናል፣ ሊደርሺፕ ምናምን እያልኩ ሳስረዳት ቆየሁና ዝም ብላ ሰምታ ሰምታ "አሃ፣ ሹም ሽር ነው በይኛ" አለችኝ። በቃ፣ ከዛ ወዲህ እኔም ለሰው ሳስረዳ ሹም ሽር ነው የምለው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል የለ፣ እኔ የበላሁት የስብሰባ ፒዛ ብቻ ነው።

አንዳንዶቻችሁ ኢንቦክስ ስለጠየቃችሁኝ በአጭሩ ልንገራችሁ። ካምፓኒው ትልቅ ፋብሪካዎች ያሉት ነው፣ ስሙን አልጠራም፣ ገና ደሞዝ እየከፈሉኝ ነው። በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ልጆች ይመርጡና በሁለት ዓመት አራት ቦታ ያዞሯቸዋል፣ ሲያልቅ ማኔጀር ትሆናላችሁ ነው ነገሩ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፣ ጀነራል ኤሌክትሪክ የፋይናንስ ልጆቹን በእንደዚህ ዓይነት ፕሮግራም ማሰልጠን የጀመረው በፈረንጆቹ 1919 ነው፣ እነሱም ጋ ያው ሁለት ዓመት፣ በየስድስት ወሩ አራት ቦታ። ስንት ካምፓኒ ሞዴሉን ከነሱ ገልብጧል። የሚገርመኝ ግን ያ ለሌላው ሁሉ አለቃ ሲያሰለጥን የኖረ ካምፓኒ ራሱ ለሦስት ተከፈለ፣ የሕክምናው በ2023 ወጣ፣ የኢነርጂው በ2024፣ አቪዬሽኑ ብቻውን ቀረ። እኔንጃ፣ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ስልጠና ላይ ስለነሱ ሲነግሩን ሁሌ ትዝ ይለኛል።

ስለ ብሩ ደግሞ አንድ ነገር፣ ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር። ለቤት መቀየሪያ ብለው ገንዘብ ይሰጧችኋል፣ ደስ ይላል፣ ግን ከፈረንጆቹ 2018 ጀምሮ እንደ ደሞዝ ነው የሚታየው፣ ታክስ ይቆረጥበታል፣ ፌደራሉ ብቻ 22 ፐርሰንት ወሰደብኝ። ብሩን የሰጡኝ ዓመት ደግሞ ከኢሊኖይ ወደ አይዋ ስለሄድኩ ለሁለቱም ስቴት ፋይል ማድረግ ነበረብኝ። አሁን ያለሁበት ቴነሲ ደሞዝ ላይ የስቴት ታክስ የለም፣ ሜምፊስን የወደድኳት በሙዚቃዋ እንዳይመስላችሁ።

ወረቀት የሌላችሁ፣ ማለቴ በተማሪ ቪዛ ላይ ያላችሁ፣ ከማመልከታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ኤች ዋን ቢ፣ የሥራ ቪዛውን ማለቴ ነው፣ ስፖንሰር አያደርጉም። አንዱ ምክንያት ይሄ መዞሩ ራሱ ነው፣ የሥራ ቦታው ወደ ሌላ ከተማ በተቀየረ ቁጥር ካምፓኒው አዲስ ማመልከቻ ማስገባት አለበት። አብሮኝ የጀመረ አንድ ልጅ በዚህ የተነሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ቺካጎ አንድ ወንበር ላይ ነው ያሳለፈው። ያኔ አዝኜለት ነበር። አሁን ሳስበው ከሁላችንም የበለጠ ሥራ የሚያውቀው እሱ ነው።

እሺ፣ ወደ ዋናው። ሁለተኛው ሮቴሽኔ፣ ማለቴ ሁለተኛው የዞርኩበት ቦታ፣ አይዋ ውስጥ ትንሽዬ ከተማ፣ ፋብሪካ ነበር። ሀበሻ የሚባል እኔ ብቻ፣ እናቴ ድርቆሽ በካርቶን ትልክልኛለች፣ ጥር ላይ መኪናዬ በበረዶ አልነሳ ብሎ አንድ የፎርክሊፍት ሹፌር ነው ባትሪውን የቀየረልኝ፣ ገንዘብ ብሰጠው አልቀበልም አለ። እንደዚህ ዓይነት ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያውን ወር ሦስተኛው ሺፍት ላይ መደቡኝ፣ በኛ አቆጣጠር ከማታ አምስት ሰዓት እስከ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ እና 23 ዓመቴ ነው፣ አባቴ የሚሆኑ ሰዎች በስማቸው ጥሪን ይሉኛል። እኔ ደግሞ አፌ አልላቀቅ አለኝ፣ በልቤ ጋሼ እያልኩ ነው ስሙን የምጠራው።

በተለይ አንድ ሰውዬ ነበር፣ ዕቃ የሚያዘው እሱ ነው፣ መቼ ምን ያህል ይምጣ የሚለውን። 26 ዓመት ሠርቷል እዛ። የኔ ፕሮጀክት ደግሞ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ የማሸጊያ ካርቶን ክምችት መቀነስ። ሴፍቲ ስቶክ ይሉታል፣ መጠባበቂያ ማለት ነው፣ ሰፕላየሩ፣ ካርቶን አቅራቢው፣ ቢዘገይ የማምረቻው ላይን እንዳይቆም ተብሎ የሚቀመጥ። የሦስት ሳምንት ያህል ነበር ያለው፣ እኔ ኤክሴሌን ከፍቼ የአንድ ዓመት ዳታ አስገብቼ ስምንት ቀን ይበቃል አልኩ። ሰውዬው አየት አደረገኝና "እሱ ሰፕላየር በበረዶው ወቅት ይዘገያል" አለኝ። ዳታው ላይ የለም አልኩት። እውነትም የለም፣ ያ ዓመት በረዶው ቀላል ነበረ። ሌላ ምንም አላለኝም፣ ቡናውን ይዞ ሄደ።

ከዛማ ምን ልበላችሁ፣ በስተመጨረሻ ለትልልቆቹ ፕረዘንት ይደረጋል፣ 12 ስላይድ፣ ይሄን ያህል ብር ከክምችት ተለቀቀ፣ ይሄን ያህል መጋዘን ባዶ ሆነ፣ አጨበጨቡልኝ። ግምገማዬ ላይ "ከተጠበቀው በላይ" ተባለ። ሻንጣዬን ይዤ ወደዚህ ወደ ሜምፊስ፣ ወደ ማከፋፈያ መጋዘኑ መጣሁ።

አራት ወር ሆነኝ። አንድ ቀን ጠዋት ከዛ ሺፍት የማውቃት ሴትዮ ቴክስት አደረገችልኝ፣ ካርቶን አልቆ ላይኑ ቆመ፣ ሁለት ሌሊት ወደ ቤታችሁ ሂዱ አሉን፣ አይከፈለንም አለችኝ። ስትጽፍልኝ እኔ መሆኔን የምታውቅ አልመሰለኝም፣ ዝም ብላ ወሬ እየነገረችኝ ነው። ፎቅ ላይ የመኪና ማቆሚያ አለ እዚህ፣ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ። ማንም አልጠራኝም'ኮ። ማንም ምን አድርገሽ ነው አላለኝም። ግምገማዬ ከተጻፈ ቆይቷል፣ ፋይሉ ተዘግቷል። የተቆጡት ሰውዬውን ነው።

ሁለት ቀን ስፈራ ስቸር ቆይቼ ደወልኩለት። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ሳላሟሽ መሳቅ ጀመረ። "ካንቺ በፊት የመጣው ልጅ" አለኝ፣ "ስቶኩ አነሰ ብሎ ከፍ አድርጎት ነበር የሄደው፣ እሱም ተጨበጨበለት። አንቺ መጥተሽ አወረድሽው። አሁን ደግሞ አንድ ልጅ መጥቷል፣ ከፍ ላድርገው እያለ ነው።"

እኔ ሳቁ አልመጣልኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሰውዬው 26 ዓመት ሙሉ የኛን ዓይነት ልጅ ሲሸኝና ሲቀበል ነው የኖረው፣ እኛ ደግሞ ሲቪያችን ላይ "ይሄን አሻሻልኩ" ብለን እየጻፍን ወደላይ እንወጣለን፣ ያንኑ አንድ ካርቶን ከፍ ዝቅ እያደረግን። አንድ ነገር ለመጀመር ስድስት ወር ይበቃል፣ የጀመርሽው ሲበላሽ ግን እዛ አትገኚም፣ ታዲያ ይሄ እንዴት ነው ሊደርሺፕ የሚሆነው። በሀገራችን እንግዳ ተከብሮ ይስተናገዳል፣ ግን እንግዳ ጓዳ ገብቶ ሌማት አያቀያይርም'ኮ። እኛን የሚሉን ግን ግባና አቀያይር ነው።

ይሄን ስል ደግሞ ምስጋና ቢስ አልሁን፣ ዕድሉን አግኝቼ እንጂ ፋብሪካ ምን እንደሚመስል የት አውቅ ነበር። ብቻ... እሺ።

ለአራተኛው ሮቴሽን ምርጫ ሲሰጡን አይዋ ብዬ ጻፍኩ። የፕሮግራሙ ማኔጀር ደውላ "እርግጠኛ ነሽ? ዋናው ቢሮ ብትመጪ እኮ ሰው ያይሻል" አለችኝ፣ ክፋት አይደለም፣ እውነቷን ነው፣ በዚህ ጨዋታ መታየት ነው ዋናው። እዛው እፈልጋለሁ አልኳት፣ ከስድስት ወሩ በኋላም ቦታ ካለ መቆየት እፈልጋለሁ አልኩ። ቦታ መኖሩን አላረጋገጡልኝም።

ለሰውዬውም ቴክስት አደረግኩለት፣ ልመለስ ነው ብዬ። መልሱ አንድ መስመር ነው፣ "ካርቶኑን እንዳትነኪ።"

እሁድ ጠዋት ነው የምነዳው፣ ወደ አስር ሰዓት መንገድ ነው። ምጣዱን የት እንደማደርገው ገና አላወቅኩም፣ ወንበር ላይ ቀበቶ አስሬለት ሊሆን ይችላል። እናቴ ትላንት ስነግራት "መልሰው ወሰዱሽ?" አለች። አይ፣ ራሴ ነኝ የጠየቅኩት ስላት ብዙ ዝም አለችና ድርቆሽ ስንት ኪሎ ልላክ አለች።

በሉ፣ ማይኩን ካርቶን ውስጥ ላስገባው። ኢንተርኔት ቶሎ ካስገቡልኝ በሁለት ሳምንት፣ ካልሆነ ጠብቁኝ።